የወንድሜ ግራ ጫማ

እኔ ሰው አስተኛለሁ። እሹሩሩ ብዬ አይደለም፤ በድምፄ ብቻ። ሳልነካው ዓይኑ ይከደናል፣ እጁ ይከብደዋል፣ ያመመው ነገር ይተወዋል። መጀመሪያ ያስተኛሁት ዶሮ ነው። የጎረቤታችንን ነጭ ዶሮ አንገቷን ከክንፏ ሥር ሸጉጬ፣ ጆሮዋ ሥር ቆጥሬ ቆጥሬ መሬት ባስቀምጣት እስኪመሽ አልተነሳችም። በማግስቱ ጎረቤታችን ሸጠቻት አሉኝ፤ እንቅልፏ ጥሩ የሆነ ዶሮ ገዢ አታጣም። ቀጥሎ የእማዬን መሥሪያ ቤት ዘበኛ አስተኛሁ። እሱ እንኳ ቀድሞም አንቀላፍቶ ነበር የሚሉ ምቀኞች አሉ፤ ይበሉ። ሦስተኛው ወንድሜ ነው። እሱን አሥራ አንድ ጊዜ አስተኝቼዋለሁ። ከስድስተኛ ክፍል ላቋረጠች ልጅ ይሄ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ አስተማሪ ሁሉ ተሰልፎ እኔን ዝም ማሰኘት አቅቶታል፤ እኔ ግን ብሎንን የሚያክል ተደባዳቢ በሃያ ቁጥር ጸጥ አሰኝቻለሁ።

ብሎን ማለት ወንድሜ ነው። ስሙን ያወጣለት ከካራቴ አዳራሻችን ሥር ጎማ የሚለጥፈው ጎሚስታ ነው። "አጭር፣ ጠንካራ፣ አንዴ ከጠበቀ የማይፈታ" ብሎ። እኔን ደግሞ ሬዲዮ ይለኛል። ደረጃውን ስወጣ ራሱን ከጎማ ውስጥ አውጥቶ፣ "የዚችን ልጅ ባትሪ ማን ነው የሚሞላው?" ይላል።

አዳራሻችን ድሮ የቀለም መጋዘን ነበር። ወለሉ ላይ የቆርቆሮዎቹ ክብ ክብ ምልክት እስካሁን አለ፤ ብጠርገው ብጠርገው አይለቅም። የምንወድቅበት ምንጣፍ የአሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ ነው፣ በጭነት መኪና ሸራ ተሰፍቶ። እኔ ጠራጊ ነኝ። ጠዋት እጠርጋለሁ፣ ሸራውን በእርጥብ ጨርቅ እወለውላለሁ፣ ከሥራ ሰዓት በኋላ ልጆቹ ሲመጡ ጫማቸውን በር ላይ እደረድራለሁ። ጫማ መደርደር ምን ሥራ ነው እንዳትሉ። እኛ አዳራሽ ውስጥ ጫማ ጫማ ብቻ አይደለም።

አስተማሪያችንን ማስተር ነው የምንለው። ረጅም ከሲታ ሰው ነው፤ አንድ ጆሮው በድሮ ምት ተኮማትሮ የደረቀ ቅጠል መስሏል። ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም። ውድድር ሲቃረብ ልጆቹን በጀርባቸው ያጋድማቸውና በመካከላቸው በባዶ እግሩ እየተራመደ ከሃያ ወደ ታች ይቆጥራል።

"ሃያ… ደረጃ ላይ ቆማችኋል። አሥራ ዘጠኝ… አንድ እርምጃ ወረዳችሁ። ትከሻችሁ ከበደ። አሥራ ስምንት… መንጋጋችሁ ላላ…"

ዜሮ ሲደርስ ከታች የጎሚስታው መዶሻ ብቻ ይሰማል። ያኔ ማስተር፣ "ፍርሃታችሁን በግራ ጫማችሁ ውስጥ አስቀምጡት። ጫማው በር ላይ ነው። አይጠፋም፤ ስትወጡ ይጠብቃችኋል" ይላል። ከዚያ ከአንድ እስከ አሥር ይቆጥርና አንዴ ያጨበጭባል። ይነሳሉ።

ሲነሱ ሌላ ሰው ናቸው። ቅድም ከንፈሩ ሲንቀጠቀጥ የነበረው ልጅ፣ ማስተር "ክንድህ የብረት ቧንቧ ነው፣ ውሃ በኃይል እየፈሰሰበት ነው" ሲለው፣ ሁለት ሰው ተንጠልጥሎበት ክንዱን አያጥፈውም። ማስተር ከሦስት እርምጃ ርቀት መዳፉን ወደ ፊት ሲገፋ፣ ሳይነካቸው ወደ ኋላ ተንገዳግደው ይወድቃሉ። በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ።

አንድ ቀን ታዲያ አንድ ጫኝና አውራጅ ለመመዝገብ መጣና፣ "እስቲ እኔን ግፋኝ" አለ። ማስተር መዳፉን ዘረጋ። ሰውየው ቆሟል። ማስተር ገፋ። ሰውየው አፍንጫውን አከከ።

"ጀምረሃል እንዴ?" አለ።

ሳቃችንን ለመዋጥ ያልነከስነው ነገር የለም። ማስተር ግን ምንም አልመሰለውም። "አንተ ገና አላመንከኝም" አለው። "እነሱን የሚጥላቸው መዳፌ አይደለም፣ እምነታቸው ነው። ላላመነኝ ሰው ይሄ መዳፍ ብቻ ነው።"

እኔ መጥረጊያዬን ተደግፌ ይሄን በአንድ ጆሮዬ ሰምቼ በሌላው አፈሰስኩት። የያዝኩት "ሳይነካ ይጥላል" የሚለውን ብቻ ነው። ሰው የሚጥመውን ነው የሚይዘው።

ሌላም ያፈሰስኩት ነገር አለ። አንዱ ልጅ ቁርጭምጭሚቱ ተጠምዞበት፣ "ማስተር፣ ሕመሙንም እዛው ጫማ ውስጥ ልክተተው?" ሲል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ማስተር ሲቆጣ አየሁ።

"ፍርሃትን በር ላይ ተዉ፤ ሕመምን ግን ይዛችሁ ግቡ። ሕመም ዘበኛ ነው። ዘበኛውን አስተኝቶ በሩን ክፍት የሚተው ቂል ነው።"

እኔ ደግሞ፣ እንደነገርኳችሁ፣ ዘበኛ ማስተኛት ለምዶብኛል።

ጠዋት አዳራሹ ባዶ ሲሆን እየጠረግኩ የማስተርን አቆጣጠር እለማመድ ነበር። ለጓንቶቹ፣ ግድግዳ ላይ ለተሰቀሉት ቀበቶዎች፣ ለዝንቦቹ ሁሉ ቆጥሬያለሁ። አንድ ቀን ማስተር ቀደም ብሎ መጥቶ ኖሯል፤ በር ላይ ቆሞ ሰማኝ። ይቆጣኛል ስል፣ "ድምፅሽ ጥሩ ነው፤ ዘይት አለው" ብሎኝ አለፈ። በቃ። የስድስት ዓመት ሰርተፊኬቴን ብትደምሩት እንደዛች ቃል አይሞቅም። ያን ቀን ወለሉን ሁለት ጊዜ ጠረግኩት።

ብሎን በያጅ ነው፤ በርና መስኮት ይበይዳል። ከሥራ በቀጥታ፣ ብረት ብረት እየሸተተ፣ ወደ አዳራሽ ይመጣል። ስምንት ዓመት እንዲህ ነው የኖረው። በዚያ ሰሞን ማጣሪያ ነበር፤ ከከተማው አዳራሾች ሁሉ በየክብደቱ አንድ አንድ ልጅ ተመርጦ ዋናው ቡድን ውስጥ ይገባል። የሚፈቀደው እስከ ሃያ አንድ ዓመት ነው። ብሎን ሃያ አንዱን ሊጨርስ ሁለት ወር ቀርቶታል። ዘንድሮ ካለፈው አለፈው ማለት ነው።

ለማጣሪያው ሦስት ሳምንት ሲቀረው ልምምድ ላይ የጓደኛው ተረከዝ ከቀኝ ጆሮው በላይ አረፈበት። እሱም ሳቀ፣ እኛም ሳቅን። ማስተር ዓይኑን አይቶ "ደህና ነህ?" አለው። "ደህና ነኝ" አለ። ትንሽ ቆይቼ ወደ ታች ስወርድ ከጎማው ቁልል ጀርባ ሲያስመልሰው አገኘሁት።

"ምን ሆንክ?"

"ምንም። ምሳዬ ነው።"

"ምሳ አብረን ነው የበላነው። እኔን ምንም አላረገኝም።"

"አንቺማ ሚስማር ብትበዪስ ምን ያረግሻል።"

ከዚያ ቀን ወዲህ ራሱን ያመው ጀመር። የብየዳው ብልጭታ ዓይኑን እንደ መርፌ ወጋው። ከሥራ አቋርጦ ይመጣና መጋረጃውን ዘግቶ፣ እርጥብ ጨርቅ ዓይኑ ላይ ጥሎ ይጋደማል።

"ለእማዬ ልነግራት ነው" አልኩት።

"ከነገርሻት ማስተር ጋ ትሄዳለች። ማስተር ከሰማ ያስወጣኛል።"

"ያስወጣህ! ራስ ነው እንጂ ጥፍር አይደል።"

"ሬዲዮ፣ በእናትሽ። አንድ ጊዜ እንኳ ዝም ብለሽ ስሚኝ። ስምንት ዓመት ነው።"

አላለቀሰም፤ ድምፁ ግን መሃል ላይ ተሰነጠቀ። ሆዴ ባባ። አፌ ደግሞ እንደ ልማዱ ከሆዴ ቀደመ።

"እኔ ላስተኛህ? ሕመምህን ላውጣልህ?"

ጨርቁን ከአንድ ዓይኑ ላይ አነሳና ለረጅም ጊዜ አየኝ። የሆነ ነገር የሚያሰላ ይመስል ነበር።

"ትችያለሽ?"

"ማስተር ራሱ 'ድምፅሽ ዘይት አለው' ብሎኛል።"

"እንግዲህ ካልሽ ይሁን። ግን ከሠራ ለእማዬ ትንፍሽ እንዳትዪ።"

"ከሠራማ ምን እነግራታለሁ? የሌለ ነገር ይነገራል እንዴ?"

ቤታችን አንድ ክፍል ተኩል ናት፤ ተኩሏ ከመጋረጃው ወዲያ የእሱ አልጋ ነው። እማዬ ከሥራ ከመመለሷ በፊት አጋደምኩትና ከሃያ ጀምሬ ቆጠርኩ። ዜሮ ስደርስ፣ ማስተር ያላለውን ከራሴ ጨመርኩበት። "ሕመሙን ከጆሮህ በላይ ቀስ ብለህ አንሳው። በአንገትህ አውርደው። በትከሻህ፣ በጎንህ፣ በግራ ጭንህ… ጫማህ ውስጥ አፍስሰው።" ከዚያ ያንን ነጭ የነበረ የሸራ ጫማውን፣ ተረከዙ የተረገጠውን፣ በሁለት እጄ እንደ ሞላ ሳህን ተሸክሜ የመስኮቱ ደፍ ላይ አወጣሁት። ጠብ እንዳይል ትንፋሼን ይዤ ነበር፤ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። ከአንድ እስከ አሥር ቆጥሬ አጨበጨብኩ።

"እ?"

ዓይኑን ገለጠ። "ጠፋ" አለ።

"ጠፋ? ሙሉ በሙሉ?"

"ብን ብሎ ጠፋ። አንቺ ልጅ ጉድ ነሽ እኮ!"

ከደስታዬ ብዛት ጣሪያውን ልነካ ምንም አልቀረኝ። ታላቅ ወንድሜ ጉድ ነሽ ሲለኝ የመጀመሪያው ነበር፤ ሌላ ጊዜ የሚለኝ "አቤት አፍሽ" ነው።

በሦስት ሳምንት ውስጥ አሥራ አንድ ጊዜ አስተኛሁት። አሥራ አንዱንም ጊዜ "ጠፋ" አለኝ። ሥራም ሄደ፣ ልምምድም ሠራ። አንድ ጊዜ ብቻ እማዬ አንሶላ ስትቀይር ትራሱ ላይ የደም ነጠብጣብ አየች። እማዬ የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ናት፤ ደም ከዓይኗ አያመልጥም።

"ይሄ የምን ደም ነው?"

"ድዴ ነው፣ እማዬ።"

"እስቲ አፍህን ክፈት።"

"ኧረ እማዬ! ሐኪም ሆንሽ እንዴ?"

"የሐኪሙን ጋዋን የማጥበው እኔ ነኝ። ግማሽ ሐኪም አልባልም?"

ሳቅን። ከሁሉም አብልጬ የሳቅኩት እኔ ነኝ፤ ትልቅ ምስጢር ያለው ሰው ሳቁ ቶሎ ይመጣል። እማዬ ትራሱን በቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፋ ነገሩ በዚያው ታጠበ።

ከውድድሩ በፊት ሐኪም ሁሉንም መረመረ። እኔ የብሎንን ቦርሳ ይዤ በር ላይ ቆሜ ነበር።

"ራስህን ያምሃል?"

"አያመኝም።"

"ማዞር? ማስመለስ? ብዥታ?"

"ምንም የለም።"

ሐኪሙ መብራት ዓይኑ ላይ አበራበት። ብሎን ቅንድቡ እንኳ አልተነቃነቀም። እኔ ደግሞ "የኔ ሥራ ነው!" ለማለት ምላሴን በላኝ። ሐኪሙ ፈርሞ ሌላውን ጠራ።

በር ላይ ጫማውን ሲያወልቅ ግራውን አንስቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩትና ዚፑን ዘጋሁት። ማስተር ሁልጊዜ "ስትወጡ ይጠብቃችኋል" ይላል፤ እኔ ደግሞ እንዳይጠብቀው ፈለግሁ። እስከ መጨረሻው እዚያው ይቅር ብዬ ነው። ብልጠቴ!

የመጀመሪያውን ተጋጣሚ አሸነፈ። ልጁ የብሎንን ዓይን ሲያይ ገና ሳይጀምሩ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ሁለተኛው ዝምተኛ ልጅ ነበር፣ አፍንጫው ላይ የመነጽር ምልክት ያለበት። ሲዞሩ፣ ሲዞሩ፣ የልጁ ጓንት የብሎንን ግንባር ነካ አደረገው። ምት እንኳ አይባልም። እኔን ጎሚስታው ሲቀልድ ከዚያ የበለጠ ይመታኛል። ብሎን ቆመ። የሆነ ነገር ረስቶ ከቤት የወጣ ሰው መንገድ ላይ ትዝ ሲለው እንደሚቆመው። ከዚያ ተቀመጠ። ከዚያ በጎኑ ተጋደመ።

ዳኛው መቁጠር ጀመረ። "አንድ… ሁለት…"

ማንቂያው ቁጥር ነው! የኔ ቁጥር! እኔም ከዳር ሆኜ አብሬው ቆጠርኩ፣ በዚያው ዘይት ባለው ድምፄ። አሥር ስንደርስ ዳኛው እጁን እያወዛወዘ ሐኪም ጠራ። እኔ አጨበጨብኩ። ያ ሁሉ ሕዝብ ትንፋሹን በያዘበት አዳራሽ ውስጥ አንዲት ጭብጨባ ጧ አለች። ሰው ዞሮ አየኝ። ብሎን አልነቃም።

የተወሰደው እማዬ ወደምትሠራበት ሆስፒታል ነው። ራሱን ላጭተው ከፈቱት። አንድ ወጣት ሐኪም ኮሪደር ላይ አቁሞን ነገረን፤ ከራስ ቅሉ ሥር ደም ቋጥሮ ነበር፣ የዛሬ አይደለም፣ ለሳምንታት ጠብ ጠብ እያለ የተጠራቀመ ነው።

"ይሄን ያህል ጊዜ ራሱን ሳያመው አይቀርም" አለ።

"አላመመውም" አለች እማዬ። "ቢያመው ይነግረኝ ነበር። እሱ እንኳ ቢደብቀኝ እህቱ ትነግረኝ ነበር። የሷ አፍ መቼ ያርፍና።"

ሰማይ ተደፋብኝ። እማዬ ክርኔን ይዛኝ ነበር፤ እጇ ከሳሙናው ብዛት እንደ ሸካራ ወረቀት ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ዝም አልኩ። በሕይወቴ ሙሉ ዝም በይ ሲሉኝ እንቢ ብዬ፣ በዚያች ቀን፣ መናገር በነበረብኝ ቀን፣ ዝም አልኩ።

በዘጠነኛው ቀን ዓይኑን ገለጠ። አወቀን። ቃል እየፈለገ፣ በአንድ ጎን አፉ ማውራት ጀመረ። ግራ እጁና ግራ እግሩ ግን የሱ አልሆን አሉ። ሐኪሙ ግራ እግሩን በመርፌ ጫፍ ነካ ነካ እያደረገ "ይሰማሃል?" ይለዋል። "አይሰማኝም።" "እዚህስ?" "አይሰማኝም።" ሐኪሙ ጭንቅላት በቀኝ ሲጎዳ ሰውነት በግራ እንደሚሰንፍ ለእማዬ አስረዳት። እኔ ግን የማውቀውን አውቃለሁ። ግራ እግር ነው። ግራ ጫማው ደግሞ ከአልጋዬ ሥር፣ ቦርሳ ውስጥ፣ ዚፕ ተዘግቶበት ተቀምጧል። ሕመሙን ብቻ መስሎኝ እግሩን ጭምር ነው የከተትኩት።

እማዬ ቀን ቀን እዚያው ሆስፒታል ታች ማጠቢያ ክፍል ሆና ታጥባለች። አንድ ቀን የምታጥበውን አንሶላ አገላብጣ ስታይ አገኘኋት። "ይሄ የሱ ነው" አለችኝ።

"በምን አወቅሽው?"

"በአንድ በኩል ብቻ ነው የተጨማደደው።"

በቀዝቃዛው ውሃ ማሸቷን ቀጠለች።

ማስተርም መጣ። ከልማድ የተነሳ ጫማውን ክፍሉ በር ላይ አውልቆ ሲገባ ነርሷ ሳቀች። ከብሎን አጠገብ ብዙ ተቀምጦ ጥቂት ተናገረ። ሲወጣ ኮሪደሩ ላይ ጠራኝ።

"ልጄ፣ ራሱን ያመው ነበር?"

"አላውቅም" አልኩ።

"እኔ ነኝ" አለ ያንን የተኮማተረ ጆሮውን እያሻሸ። "ፍርሃቱን ከውስጡ ያወጣሁበት እኔ ነኝ። ትንሽ ፈሪ ቢሆን ኖሮ ይነግረኝ ነበር።"

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይላሉ። እኔ እንኳ አላከኩም፤ ሰውየው ራሱ መጥቶ ሲያነሳው ዝም ብዬ አየሁት። ከዚያ ወዲህ ማስተር ልጆቹን አላጋደመም። አልቆጠረም። "አቋቋማችሁን ጠብቁ፣ አገጫችሁን ደብቁ" ብቻ። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ልጆች ወደ ሌላ አዳራሽ ሄዱ። እኔ ከሃያ ጥንድ ወደ ስምንት ጥንድ የወረደውን ጫማ እደረድራለሁ፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው።

ሁለት ወር ሞላ። የብሎን ሃያ አንድ ዓመትም አለፈ፤ ማንም አላነሳውም። በአንድ እሑድ ከሰዓት ቦርሳዬን አንግቼ ብቻዬን ሄድኩ። ክፍሉ ስድስት አልጋ አለው። አጠገቡ እግሩ በጀሶ የተሰቀለ ሹፌር ተኝቷል። መጋረጃውን ሳብኩ።

"ዓይንህን ጨፍን።"

"ለምን?" አለ ብሎን፣ ቃሉን እየጎተተ።

"ጨፍን ስልህ ጨፍን።"

ጨፈነ። ዚፑን ከፍቼ ጫማውን አወጣሁ። ግራ እግሩን አንስቼ አጠለቅኩለት። እግሩ ቀጥኗል፤ ጫማው ሰፋው። ማሰሪያውን አሰርኩና ቆጠርኩ። "አንድ… ሙቀቱ ይመለሳል። ሁለት… ጣቶችህ ይነቃሉ። ሦስት…" እንባዬ ዱብ ዱብ እያለ አሥር ደረስኩ። አጨበጨብኩ።

"እናንተ ሰዎች፣ እዚህ ሕመምተኛ ተኝቷል እኮ! ሰርግ ነው እንዴ?" አለ ሹፌሩ ከመጋረጃው ወዲያ።

"ተሰማህ?" አልኩት ብሎንን።

"ምኑ?"

"እግርህ!"

"አልተሰማኝም።"

ያኔ ሁለት ወር ያፈንኩት ሁሉ ገነፈለ። እኔ ነኝ አልኩት። ሕመምህን ያስተኛሁት እኔ ነኝ። ማስተር ሕመምን ይዛችሁ ግቡ ሲል ሰምቼ እንዳልሰማ የሆንኩት እኔ ነኝ። ጫማህን የሰረቅኩት፣ ለእማዬ ያልተናገርኩት፣ ማስተር በኔ ጥፋት ሲቃጠል ያየሁት እኔ ነኝ። ድምፄ ነው የገደለህ አልኩት። አፍንጫዬ ሁሉ ፈሰሰ። ብሎን ጣሪያውን እያየ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ከዚያ በሚታዘዝለት ግማሽ አፉ ፈገግ አለ።

"ጨረሽ?"

"ጨረስኩ።"

"አልተኛሁም።"

"ምን?"

"አንድም ቀን አልተኛሁም።"

"ውሸትህን ነው! ጠፋ ብለኸኛል። አሥራ አንድ ጊዜ!"

"አሥራ ሁለት ነው። አንዱን ቀን… ስትቆጥሪ ራስሽ አንቀላፍተሽ ነበር። ሰባትንም… ሁልጊዜ ትዘያለሽ።"

"ያምህ ነበር ማለት ነው?"

ቀኝ እጁን አንስቶ በጣቱ ጉንጩን ወደ ጎን ሳበው። ውስጡ ላይ፣ ጥርሱ የሚያርፍበት ቦታ፣ ረጅም ነጭ ጠባሳ አለ። እማዬ በቀዝቃዛ ውሃ ያጠበችው ነጠብጣብ ትዝ አለኝ።

"አንቺ ስትቆጥሪ… እሱን እነክሳለሁ። ካልነከስኩ መጮኼ ነው።"

"ታዲያ ለምን ጠፋ አልከኝ?"

"ለእማዬ እንዳትነግሪያት።" ትንፋሹን ሰበሰበ። "አንቺን ዝም የሚያሰኝ ነገር… ሌላ አላገኘሁም። ጉድ ነሽ ስልሽ… ጸጥ አልሽ። የተኛሽው አንቺ ነሽ። አስተኚው እኔ ነኝ።"

ከመጋረጃው ወዲያ ሹፌሩ ይሰማን ነበር።

"ለማስተር ንገሪው" አለ ብሎን። "ጥፋቱ የሱ አይደለም። ያንቺም አይደለም። ስምንት ዓመት ነበር… እንዲያልፈኝ አልፈለግሁም፣ በቃ። አለፈኝ።"

ዓይኑ ሞላ፤ አንዱ ጎን ብቻ ፈሰሰ። ያንን በመሐረቤ ጠረግኩለት። ሸክሙ ከጀርባዬ የወረደልኝ ሰው ነኝ፣ ቀለል ሊለኝ በተገባ። ግን እንዴት እንደምነግራችሁ አላውቅም፤ ደረቴ ላይ የነበረው ትልቁ ነገር፣ ያ ዘይት ያለው ድምፅ፣ ከሸክሙ ጋር አብሮ ወረደና ባዶዬን ቀረሁ። እዚያ ደርሼ እንኳ፣ እግዜር ይይልኝ፣ አፌ አላረፈም።

"እሺ አንተ አልተኛህም እንበል" አልኩት አፍንጫዬን እየሳብኩ። "ዶሮዋስ? ዶሮዋን ያስተኛሁት እኔ አይደለሁም?"

"ዶሮዋ ታማ ነበር። በማግስቱ ሞታለች፤ ሸጠቻት ያልንሽ እንዳትነፋረቂብን ነው። አሁን ይሄን ጫማ አውልቂልኝ፤ ይሸታል።"